የላኩትን መጠበቅ፤ የአለን ቱሪንግ ነገር

ስልካችሁ ላይ የከፈታችሁት መተግበሪያ በድንገት ቀጥ ብሎ የቀረበት ጊዜ አይጠፋም። ብትነካኩት አይሰማ፣ ብትጠብቁት አይንቀሳቀስ። ጥቂት ሰከንዶች ቆይቶ ስልኩ ራሱ መጥቶ ያማክራችኋል። መተግበሪያው መልስ እየሰጠ አይደለም፤ ይዘጋ ወይስ ትጠብቃላችሁ ይላል። እንዴት ነው ነገሩ? ካርታ የሚያነብ፣ ፊት የሚለይ፣ ድምፅ ሰምቶ የሚጽፍ መሣሪያ በገዛ ሆዱ ውስጥ ያለ አንድ ፕሮግራም ሥራ በዝቶበት ይሁን ተተብትቦ ቀርቶ መለየት አቅቶት ነው እኛን የሚጠይቀው?

አዎ፣ አቅቶት ነው። ያቃተው ግን ስልኩ ርካሽ ስለሆነ ወይም የሠሩት ሰዎች ስለሰነፉ አይደለም። አንድ ፕሮግራም መጨረሻ ይኑረው አይኑረው ለሁሉም ፕሮግራም አስቀድሞ የሚናገር ዘዴ እንደማይገኝ የሚያሳየው ማስረጃ ኮምፒውተር ራሱ ከመወለዱ በፊት ነው የተጻፈው። ጸሐፊው በ1936 የ23 ዓመት ወጣት የነበረው እንግሊዛዊው አለን ቱሪንግ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ወደ ሰውየው ከመሄዳችን በፊት ነገሩን በቤታችን ምሳሌ እንየው። እናት ልጇን ስኳር ግዛ ብላ ሱቅ ትልከዋለች። መላኩ ቀላል ነው። ጣጣው ከዚያ በኋላ ነው። ልጁ ስኳሩን ይዞ ሊመለስ ይችላል። ሱቁ ተዘግቷል ብሎ ብሩን ይዞ ሊመለስም ይችላል። መንገድ ላይ ኳስ አይቶ የቁራ መልእክተኛ ሆኖ ሊቀርም ይችላል። እናት በር በሩን እያየች ምን ያህል ትጠብቅ? መቼስ ትነሳና ትፈልገው?

ኮምፒውተር ውስጥም ነገሩ እንዲሁ ነው። አንድ ፕሮግራም ብቻውን የሚጨርሰው ሥራ ጥቂት ነው። ኢሜይል ላይ የተያያዘ ፋይል ስትነኩ ብዙ ጊዜ ፋይሉን የሚከፍተው ኢሜይሉ አይደለም፤ ሌላ ፕሮግራም ቀስቅሶ ይልካል። የባለሙያዎቹ አነጋገርም ከቤተሰብ የተወሰደ ነው። ላኪውን ወላጅ፣ ተላኪውን ልጅ ይሉታል። ልጁ ሲጨርስ አንድ ቁጥር ለወላጁ ትቶ ይዘጋል። ቁጥሩ ዜሮ ከሆነ በሰላም ጨርሻለሁ ማለት ነው። ሌላ ቁጥር ከሆነ ችግር ገጥሞኛል ማለት ነው። ዩኒክስና ሊኑክስ በሚባሉት ሥርዓቶች ላይ ወላጁ ያን ቁጥር ሳይቀበል ከዘገየ፣ ልጁ ሞቶ ሳለ ስሙ ከመዝገብ ሳይፋቅ ይቆያል። ስሙም ዞምቢ ነው።

ዩኒክስም ሊኑክስም የመጡት ቱሪንግ ከሞተ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ጥያቄው ግን የእሱ ነው። የሰደድነው ነገር መቼ እንደሚያበቃ፣ ሲያበቃም በሰላም ይሁን በችግር እንዴት እናውቃለን የሚለው ጥያቄ በዕድሜው ሙሉ እየተከተለው ኖሯል።

ቱሪንግ ጁን 23 ቀን 1912 ለንደን ውስጥ ተወለደ። አባቱ ጁሊየስ በብሪታኒያ የህንድ አስተዳደር ውስጥ ሹም ነበሩ። ወላጆቹ በህንድና በእንግሊዝ መካከል ሲመላለሱ አለንና ታላቅ ወንድሙ ጆን እንግሊዝ ውስጥ ሰው ቤት በአደራ አደጉ። የሄደን ሰው መጠበቅ ለእነዚህ ልጆች የልጅነታቸው አንድ ክፍል ነበር።

በ1926 ሸርቦርን የተባለ አዳሪ ትምህርት ቤት ሊገባ ሲል አገሪቱ በሙሉ አድማ መታች። ባቡር የለም። የ13 ዓመቱ ልጅ ብስክሌቱን ይዞ ከሳውዝሃምፕተን ተነሳ፤ መንገድ ላይ አንድ ሌሊት አድሮ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻውን ነድቶ ትምህርት ቤቱ ደረሰ። እዚያ ክሪስቶፈር ሞርኮም የሚባል ጓደኛ አገኘ። ሁለቱ ሒሳብና ከዋክብት እያሉ ሲጨዋወቱ ቆዩ፤ ግን ሞርኮም በፌብሩዋሪ 1930 በሳንባ ነቀርሳ በሽታ በድንገት ሞተ። ሐዘኑ ከቱሪንግ አልወጣም። ለሟቹ እናት ለዓመታት ደብዳቤ ይጽፍላቸው ነበር።

በ1931 ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ፣ ኪንግስ ኮሌጅ ገባ። በ22 ዓመቱ የኮሌጁ ባልደረባ ለመሆን ተመረጠ። በዚያው በ1935 ማክስ ኒውማን የተባሉ መምህር ስለ ሒሳብ መሠረቶች ሲያስተምሩ ተከታተለ። በጊዜው ጀርመናዊው ዴቪድ ሂልበርት ለዓለም ያቀረቡት አንድ ትልቅ ጥያቄ ነበር። ማንኛውም የሒሳብ ዓረፍተ ነገር ቢሰጠው ይረጋገጣል ወይም አይረጋገጥም ብሎ የሚፈርድ፣ ማሰብ የማይጠይቅ፣ በመመሪያ ብቻ የሚሠራ ዘዴ አለ ወይ? ቱሪንግ ረጅም ርቀት መሮጥ ይወድ ነበር። ከሩጫ በኋላ ግራንትቸስተር በተባለ መንደር ሜዳ ላይ ተጋድሞ ሳለ መልሱ እንደመጣለት ይነገራል።

መልሱ በሐሳብ የተሠራ ማሽን ነበር። በካሬ በካሬ የተከፋፈለ ረጅም ጥብጣብ አለው። ማሽኑ አንድ ካሬ ያነባል፣ ይጽፋል ወይም ያጠፋል፣ ከዚያ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ይሄዳል። በቃ። ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ መጫወቻ ነበር። ቱሪንግ ግን ቀጥሎ አንድ ነገር አስተዋለ። የማሽኑ መመሪያ ራሱ በጥብጣብ ላይ ሊጻፍ ይችላል። ስለዚህ የሌላውን ማሽን መመሪያ አንብቦ የዚያን ማሽን ሥራ የሚሠራ አንድ ማሽን ይኖራል። ዛሬ አንድ ኮምፒውተር ጠዋት ሒሳብ ሠርቶ ማታ ፊልም የሚያሳየው፣ አንድ ፕሮግራም ሌላውን እንደ ዕቃ አንስቶ የሚያስነሳው ከዚህ ሐሳብ ተነስቶ ነው።

ከዚያ ነው ገደቡ የመጣው። ነገሩን ቀለል አድርገን እንየው። ማንኛውንም ፕሮግራም አይቶ ይቆማል ወይም አይቆምም ብሎ ሳይሳሳት የሚናገር አንድ ጠንቋይ ፕሮግራም አለ እንበል። እኔ ደግሞ አንድ እልኸኛ ፕሮግራም እጽፋለሁ። ይህ እልኸኛ መጀመሪያ ጠንቋዩን ያስነሳና ስለ ራሱ ይጠይቀዋል። ጠንቋዩ ትቆማለህ ካለው እየተሽከረከረ ለዘላለም ይሮጣል። አትቆምም ካለው ወዲያው ይቆማል። ጠንቋዩ የፈለገውን ቢመልስ ተሳሳተ። እንግዲህ የማይሳሳት ጠንቋይ የለም ማለት ነው።

ቱሪንግ በጽሑፉ የጠየቀው ማሽኑ ቁጥር እየጻፈ ያለማቋረጥ ይቀጥላል ወይስ አንድ ቦታ ተተብትቦ ይቀራል ብሎ ነበር። ጥያቄውን በመቆምና ባለመቆም ስም የሰየሙት ከእሱ በኋላ የመጡ ምሁራን ናቸው። ቁም ነገሩ አንድ ነው። ለሂልበርት ጥያቄ መልሱ የለም ሆነ። አሜሪካዊው አሎንዞ ቸርች በሌላ መንገድ ሄደው እዚያው መደምደሚያ ላይ ትንሽ ቀደም ብለው ደርሰው ነበር። ቱሪንግም በ1936 መከር ወደ ፕሪንስተን ተሻግሮ በእሳቸው ሥር ተማረ፤ በ1938 የዶክትሬት ዲግሪውን ይዞ ተመለሰ።

ታዲያ አስቀድሞ ማወቅ ካልተቻለ ምን ይቀራል? መጠበቅ፣ መቁጠር፣ የመጣውን መመርመር ይቀራል። ይህንን ደግሞ ጦርነት አስተማረው።

ብሪታኒያ በጀርመን ላይ ጦርነት ባወጀች ማግስት፣ ሴፕቴምበር 4 ቀን 1939፣ ቱሪንግ ብሌችሊ ፓርክ የተባለው ምስጢራዊ ቦታ ገባ። ሥራው ኢኒግማ የተባለውን የጀርመን የምስጢር መጻፊያ ማሽን መስበር ነበር። ማሽኑ የሚዞሩ ጎማዎችና የሚሰኩ ገመዶች አሉት። የጀርመን ምድር ጦር ማሽን ሊደረደር የሚችልባቸው መንገዶች ብዛት 159 ጽፋችሁ 18 ዜሮ ብትጨምሩበት የምታገኙት ያህል ነው። አደራደሩ ደግሞ በየቀኑ ይቀየራል። ዛሬ ያገኛችሁት ነገ አይሠራም።

እዚህ ላይ የፖላንድ ሰዎች ስም ሳይነሳ ማለፍ ነውር ነው። ማሪያን ሬየቭስኪ፣ የርዚ ሩዝትስኪና ሄንሪክ ዚጋልስኪ የተባሉ ሦስት ወጣት የሒሳብ ሰዎች ከጦርነቱ ዓመታት በፊት ኢኒግማን ሰብረውት ነበር። በጁላይ 1939 እውቀታቸውን ለእንግሊዝና ለፈረንሳይ አስረከቡ። እነሱ ቦምባ የሚሉት መሣሪያ ሠርተው ነበር። ቱሪንግ በሌላ መንገድ የሚሠራ አዲስ ማሽን ነደፈ። ሃሮልድ ኪን የተባሉ መሐንዲስ ሠሩት፤ የመጀመሪያውም በማርች 1940 ሥራ ጀመረ። ጎርደን ዌልችማን የተባለው ባልደረባው ደግሞ ቆይቶ ትልቅ ማሻሻያ ጨመረበት። ማሽኑን ቦምብ አሉት፤ የሚፈነዳ ነገር ግን አልነበረውም።

አሠራሩን ልብ በሉልኝ። ሰዎቹ መጀመሪያ በምስጢሩ ጽሑፍ ውስጥ ሊኖር ይችላል የሚሉትን ቃል ይገምታሉ፤ ለምሳሌ ጀርመኖች በየቀኑ የሚልኩት የአየር ሁኔታ ዘገባ አለ። በግምቱ መሠረት ማሽኑ በገመድ ይታሰራል፤ ከዚያ ይነሳል። ለአንድ የጎማ ቅደም ተከተል 17,576 አቀማመጦችን እየተንኳኳ አንድ በአንድ ያልፋል። እርስ በርሱ የሚጋጨውን ይጥላል፤ የማይጋጭ ሲያገኝ ራሱ ይቆማል።

ማሽኖቹን የሚያሠሩት በአብዛኛው የባሕር ኃይሉ የሴቶች ክፍል አባላት ነበሩ። ጦርነቱ ሲያልቅ ማሽኖቹ ከ200 በልጠው ነበር። እነዚያ ወጣት ሴቶች ማሽኑን አስነስተው፣ በጩኸቱና በዘይቱ መሀል ቆመው መቆሙን ይጠብቃሉ። ሲቆም ግን እልል አይባልም። የቆመበት ቦታ ይመዘገባል፤ በሌላ መሣሪያ ይፈተሻል። ብዙ ጊዜ የውሸት መቆም ሆኖ ይገኛል፤ ማሽኑ እንደገና ይነሳል። እውነተኛው ሲገኝ ብቻ ነው ለዚያ ቁልፍ ሲደክሙ የነበሩት ሌሎች ማሽኖች ሥራውን ትተው ወደ ሌላ የሚዞሩት።

ቆመ ማለትና ተሳካ ማለት አንድ እንዳልሆነ ብሌችሊ ውስጥ በየፈረቃው ይታይ ነበር። ዛሬ ኮድ የሚጽፍ ወጣት ልጁ ፕሮግራም ተዘግቷል ብሎ ቁጥሩን ሳያይ ሲቀጥል የሚሳሳተው ይህንኑ ነው። ልጁ ከሱቅ ተመልሷል፤ ግን ስኳሩስ?

ማሽኑና የሰው ኃይሉ ግን አይበቃም ነበር። የበላይ አለቆች ሲያጓትቱባቸው ቱሪንግ፣ ዌልችማን፣ ሂዩ አሌክሳንደርና ስቱዋርት ሚልነር-ባሪ በኦክቶበር 1941 ደንቡን ተሻግረው ለጠቅላይ ሚኒስትር ዊንስተን ቸርችል ራሳቸው ደብዳቤ ጻፉ። ቸርችል የተጠየቀው ሁሉ በአስቸኳይ እንዲሟላ አዘዙ። ቱሪንግ በተለይ ሲመራው የነበረው ክፍል የጀርመን ባሕር ኃይልን ምስጢር የሚፈታው ነበር። በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ምግብና ነዳጅ ጭነው የሚመጡ መርከቦች ከጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች የሚተርፉት በዚያ ክፍል ፍጥነት ልክ ነበር።

ስለ ሰውየው ጠባይ ብዙ ይወራል። የአበባ ብናኝ ስለሚያስነጥሰው የጋዝ ጭምብል አጥልቆ ብስክሌት ይነዳል። የሻይ ኩባያውን እንዳይወሰድበት በሰንሰለት ያስራል። የብስክሌቱ ሰንሰለት እየወለቀ ሲያስቸግረው ወደ ጋራዥ አልሄደም አሉ። ስንት ዙር ሲዞር እንደሚወልቅ ቆጠረ፤ ከዚያ ቁጥሩ ሊደርስ ሲል ወርዶ ማስተካከል ጀመረ። ሌላው ደግሞ የብሩ ነገር ነው። ጀርመን እንግሊዝን ብትወርር ገንዘቤ ይጠፋል ብሎ ሰጋና ሁለት የብር ጡብ ገዝቶ በብሌችሊ አካባቢ ቀበረ። የቀበረበትንም በምስጢር ጽሑፍ መዘገበ። ከጦርነቱ በኋላ ደጋግሞ ቢፈልግ አላገኘውም። የዓለምን ከባድ ምስጢር የፈታ ሰው የራሱን ቅብር መመለሻ አጣ።

ይህን ያነሳሁት ለሳቅ ብቻ አይደለም። ጦርነቱ ባለቀበት በ1945 ቱሪንግ ለንደን አጠገብ ቴዲንግተን ባለው ብሔራዊ የፊዚክስ ላቦራቶሪ ተቀጠረ፤ እውነተኛ ኮምፒውተር ሊነድፍ። ባቀረበው ዝርዝር ጥናት ውስጥ አንድ የሥራ መመሪያ ሌላውን ጠርቶ እንዲሠራለትና ሲጨርስ ወደ ነበረበት እንዲመለስ የሚያደርግ ዘዴ አለ። ችግሩ ግልጽ ነው። የተጠራው ሲጨርስ ወደ የት ይመለስ? ቱሪንግ መመለሻውን አድራሻ ማስቀመጡን መቅበር፣ መልሶ ማውጣቱን ደግሞ ከተቀበረበት ማውጣት ብሎ ሰየመው። አንዱ ሌላውን፣ ሌላውም ሦስተኛውን ቢጠራ አድራሻዎቹ እንደ ሳህን ይደራረባሉ፤ መጨረሻ የተቀመጠው መጀመሪያ ይነሳል። ዛሬ በዓለም ላይ ያለ ኮምፒውተር ሁሉ በየሰከንዱ እልፍ ጊዜ የሚያደርገው ይህንን ነው። ብሩ እንደጠፋ ቀረ፤ የአድራሻው ዘዴ ግን አልጠፋም።

ላቦራቶሪው ግን ዘገየ። ስብሰባ በስብሰባ ሆነ። ቱሪንግ በሩጫ ንዴቱን ሳያወጣ አልቀረም፤ በ1947 በአገሪቱ ሻምፒዮና ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ሮጦ አምስተኛ ወጥቷል። በመጨረሻ ትቶ ሄደ። የነደፈው ማሽን አነስ ባለ መልኩ ተሠርቶ የመጀመሪያ ፕሮግራሙን ያስኬደው በሜይ 1950 ነው፤ እሱ በሌለበት።

በዚህ መሀል ማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ቀድሞ ነበር። ጁን 21 ቀን 1948 ቤቢ የተባለችው ትንሽ ኮምፒውተር በራሷ ማስታወሻ ውስጥ የተቀመጠ ፕሮግራም አስኬደች። ፕሮግራሙ 17 መመሪያ ብቻ ነው፤ የጻፉት ቶም ኪልበርን ናቸው። የአንድን ትልቅ ቁጥር ከፍተኛ አካፋይ ፈልጋ እስክትቆም 52 ደቂቃ ፈጀባት። ሰዎቹ ትክክለኛውን መልስ አስቀድመው ስለሚያውቁ ስትቆም ማመሳከር ቻሉ። ቱሪንግ በዚያው ዓመት መከር ማንቸስተር ገባ።

በማንቸስተር ከተሠሩት ማሽኖች አንዱ ፌራንቲ ማርክ 1 ነው። በ1951 የአጠቃቀም መጽሐፉን የጻፈው ቱሪንግ ነው። ማሽኑ አንድ ድምፅ ማጉያ ነበረው፤ ቱሪንግ መለከት እንደማለት ያለ ስም ሰጥቶታል። ፕሮግራሙ ሥራውን ሲጨርስ በአንድ ዓይነት ድምፅ፣ ከማከማቻው መረጃ ሲዛወር ስህተት ሲፈጠር በሌላ ድምፅ ይጮህ ነበር። አሠሪው ማሽኑ ላይ አፍጥጦ መዋል ቀረለት፤ ሻይ እየጠጣም ጆሮውን ጣል ያደርጋል። የዛሬው የመዝጊያ ቁጥር ያኔ በጆሮ ይሰማ ነበር ማለት ነው።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን ጁን 24 ቀን 1949 ካምብሪጅ ላይ ያቀረበው አጭር ጽሑፍ ነው። ለሁሉም ፕሮግራም የሚሆን ጠንቋይ የለም ብሎ ያረጋገጠው ሰው፣ በእጃችሁ ስላለው ስለ አንዱ ፕሮግራም ግን ተስፋ አትቁረጡ የሚል ነገር ይዞ መጣ። ዘዴው እንዲህ ነው። ፕሮግራሙ በየእርምጃው የግድ የሚቀንስ አንድ መጠን ፈልጉ። መጠኑ ከዜሮ በታች መውረድ ካልቻለና ሁልጊዜ ከቀነሰ ፕሮግራሙ የግድ ይቆማል። ልክ መሶብ ላይ ያለ እንጀራ ነው፤ ሰው በተነሳ ቁጥር አንድ ካነሳና የሚጨምር ከሌለ መሶቡ ባዶ መሆኑ አይቀርም። ጽሑፉ ለዓመታት ብዙ ሰው ሳያየው ቀረ። አሜሪካዊው ሮበርት ፍሎይድ ተመሳሳዩን ሐሳብ ያሳተሙት በ1967 ነው።

ዛሬ ሌላ ፕሮግራም የሚያስነሳ ኮድ የሚጽፍ ሰው ከዚህ ሕይወት የሚወስደው ቁም ነገር አለ። ልጁን ከላኩ የጊዜ ገደብ ማበጀት ግድ ነው፤ ለዘላለም የሚጠብቅ ወላጅ ራሱ ተተብትቦ ይቀራልና። ሲዘጋ ቁጥሩን መቀበልና ማየት ያስፈልጋል። ቁጥሩ ዜሮ ቢሆንም የመጣውን ውጤት መፈተሽ ደግ ነው። ሌላም ወጥመድ አለ። አንዳንዱ ፕሮግራም ሲነሳ ሥራውን ቀድሞ ለተከፈተ ወንድሙ አስረክቦ እሱ ወዲያው ይዘጋል፤ የድር ማሰሻዎች ብዙ ጊዜ እንዲህ ናቸው። ወላጁ ልጄ ጨረሰ ብሎ ይቀጥላል፤ መስኮቱ ግን ሰውየው ፊት ተከፍቶ ቁጭ ብሏል። የላካችሁት ማንን እንደሆነ፣ ሥራውን የያዘውስ ማን እንደሆነ ሳታውቁ መጠበቅ ዋጋ የለውም።

የቱሪንግ የመጨረሻ ዓመታት በሥራ የተሞሉ ነበሩ። በ1950 ማሽን ያስባል ወይ የሚለውን ጥያቄ ያነሳበትን ዝነኛ ጽሑፍ አወጣ። በ1951 የሮያል ሶሳይቲ አባል ሆነ። በ1952 የእንስሳት ነብርማ ነጠብጣብና ዝንጉርጉር እንዴት እንደሚፈጠር በሒሳብ የሚያስረዳ ጥናት አሳተመ። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ቤቱ ተዘረፈና ለፖሊስ አመለከተ። ምርመራው ወደ ራሱ ዞረ። ከአንድ ወንድ ጋር ግንኙነት እንደነበረው ሳይደብቅ ተናገረ። የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት በወቅቱ የእንግሊዝ ሕግ ወንጀል ስለነበር በማርች 31 ቀን 1952 ፍርድ ቤት ቀረበ። እስር ቤት ከመግባት ይልቅ ለአንድ ዓመት የሆርሞን መድኃኒት እንዲወስድ ተደረገ። የመንግሥት ምስጢር ሥራም ተከለከለ። አገሩን በምስጢር ሥራ ያገለገለ ሰው ያገለገለውን ለዳኛም ለጎረቤትም መናገር አይችልም ነበር። በብሌችሊ የተሠራው ሥራ በሰፊው ለሕዝብ የተገለጸው በ1970ዎቹ ነው።

ጁን 7 ቀን 1954 ዊልምስሎ በሚገኘው ቤቱ ሞተ፤ በማግስቱ የቤት ሠራተኛው አገኘችው። ሊሞላው 42 ዓመቱ 16 ቀን ቀርቶት ነበር። የገደለው ሳያናይድ የተባለ መርዝ ነው። አልጋው አጠገብ የተገመጠ ፖም ተገኝቷል፤ ፖሙ ግን አልተመረመረም። መርማሪው ራሱን አጥፍቷል ብሎ ፋይሉን ዘጋ። እናቱ ሣራ ግን ይህን አልተቀበሉም። ልጃቸው ቤት ውስጥ በኬሚካል ሙከራ ያደርግ ስለነበር በስህተት እንደሞተ እያመኑ ኖሩ። በ1959 የሕይወት ታሪኩን የጻፉትም እሳቸው ናቸው፤ ልጃቸው በጦርነቱ ጊዜ ምን እንደሠራ በቅጡ ሳይነገራቸው።

መልሱ በጣም ዘግይቶ መጣ። በሴፕቴምበር 2009 ጠቅላይ ሚኒስትር ጎርደን ብራውን በመንግሥት ስም ይቅርታ ጠየቁ። በዲሴምበር 2013 ንግሥቲቱ ምሕረት ሰጡት፤ ከሞተ በ59ኛው ዓመት። በ2017 በዚያው ሕግ የተቀጡ በሺዎች የሚቆጠሩ ሌሎች ሰዎችም ምሕረት አገኙ። በ2021 ምስሉ በእንግሊዝ 50 ፓውንድ ላይ ታተመ፤ ገንዘቡም ሥራ ላይ የዋለው በልደቱ ቀን ነው።

እናቱ ይህን አላዩም። የሞቱት በ1976 ነው። በ1954 ፋይሉ ተዘግቶ ነበር፤ የተዘጋው ነገር በትክክል መዘጋቱን የሚያየው ሰው ግን እስከ 2009 ድረስ አልመጣም። አንዲት እናት ብቻዋን፣ መልሱ አልተስማማኝም እያለች ጠበቀች።